አተር፣ ስቴኪኒና የእንጨት ኩብ፦ ጨዋታን ትምህርት ያደረገው ሰው

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ታስታውሱታላችሁ? በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን ይዘጋሉ የተባለው የዚያን ዕለት ነው። አሥራ አምስቱ ቀን ወደ ወራት ተለጠጠ። እኔ ማስተርስ ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ዩኒቨርሲቲው ስለተዘጋ ቤት ገብቼ ተቀምጫለሁ። የእህቴ ልጅ ያኔ 5 ዓመቱ ነው። እህቴ ሥራዋ ስላልቆመ ጠዋት ጠዋት እኛ ቤት ታደርሰውና «አንተ ኢንጂነር አይደለህ? በቃ አስተምረው፤ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ እንዳይቀርብኝ» ትለኛለች።

እኔም አስተማርኩ። ማለትም ደብተር፣ እርሳስና ከኢንተርኔት አውርጄ ያተምኳቸውን የቁጥር መልመጃዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ «በል ከ1 እስከ 100 ጻፍ» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ልጁ የእኔን ድምፅ ሲሰማ አልጋ ሥር መግባት ጀመረ።

ያኔ ነው «ለመሆኑ የ5 ዓመት ልጅ የሚማረው በምንድን ነው?» ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። ፍለጋው ያደረሰኝ በልጅነቱ የደን ሠራተኛ ረዳት፣ በጎልማሳነቱ ደግሞ የክሪስታል ተመራማሪ የነበረ ሰው ዘንድ ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ የእሱንና የሐሳቡን ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጫካ ወደ ክሪስታል

ፍሬድሪክ ፍሮቤል የተወለደው ኤፕሪል 21 ቀን 1782 በዛሬዋ ጀርመን፣ ቱሪንገን በሚባለው ደን የበዛበት አካባቢ ነው። አባቱ የሉተራን ፓስተር ነበሩ። እናቱ እሱ አንድ ዓመት ሳይሞላው ሞቱ። አባት በአገልግሎት ስለሚጠመዱ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን፣ በአትክልት ቦታና በሜዳ ላይ አደገ። በ15 ዓመቱ አንድ የደን ባለሙያ ዘንድ ሙያ እንዲማር ተላከ። እዚያም ዛፍ መለየትና መሬት መለካት ተማረ። ቀጥሎ የና ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1805 አርክቴክት ልሁን ብሎ ፍራንክፈርት ሄደ፤ ግን እንደ አጋጣሚ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አስተማሪ ሆኖ ቀረ።

በዘመኑ ሕፃን የሚማረው በቃል በመያዝ ነበር። ይህን ከሚቃወሙት አንዱ ስዊዘርላንዳዊው ዮሐን ሃይንሪሽ ፔስታሎዚ ነው። የፔስታሎዚ ሐሳብ ባጭሩ፦ ልጅ ስለ አንድ ነገር ቃሉን ከመማሩ በፊት ነገሩን ራሱን ይይ፣ ይንካ፣ ይቁጠር የሚል ነው። ፍሮቤል ከ1808 እስከ 1810 ድረስ ኢቨርዶን በሚገኘው የፔስታሎዚ ትምህርት ቤት ቆይቶ ይህን በዓይኑ አየ።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ግን ከአስተማሪ የማይጠበቅ ነው። ወደ በርሊን ሄዶ ክሪስታያን ሳሙኤል ቫይስ ከተባለው ታዋቂ የክሪስታል ሊቅ ሥር ማጥናት ጀመረ። ከ1814 እስከ 1816 ድረስም በማዕድን ሙዚየሙ ረዳት ሆኖ ሠራ። ሥራው ድንጋይ መለየትና መደርደር ነበር። ክሪስታል ደግሞ አንድ የሚገርም ጠባይ አለው፤ በጣም ጥቂት በሆኑ ቅርጾችና ሕጎች ድግግሞሽ ብቻ ማለቂያ የሌለው ዓይነት ቅርጽ ይሠራል። ተራ የገበታ ጨው ኩብ ነው፤ ኳርትዝ ስድስት ጎን አለው። ፍሮቤል «ተፈጥሮ ከጥቂት ቅርጽ ይህን ሁሉ ከገነባች፣ የሕፃን አእምሮስ በዚሁ መንገድ ቢያድግ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ወጣ።

ጥያቄውን ወደ ሥራ የለወጠው ደግሞ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ወንድሙ ሞቶ ልጆቹ ያለ አባት ቀርተው ነበር። ፍሮቤል በ1816 ሙዚየሙን ትቶ ግሪስሃይም ወደተባለች መንደር ሄደና ትምህርት ቤት ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቹ ስንት ነበሩ መሰላችሁ? አምስት። አምስቱም የገዛ ወንድሞቹ ልጆች! እዚህ ጋ ስደርስ፣ አልጋ ሥር የተደበቀውን የእህቴን ልጅ አስቤ ትንሽ ተጽናናሁ።

ስጦታዎቹ

ፍሮቤል ለ20 ዓመት ያህል ካስተማረ በኋላ አንድ ነገር ገባው፦ ትምህርት ቤት የሚደርሱት ልጆች ዘግይተዋል። ወሳኙ ጊዜ ከዚያ በፊት ያለው፣ ልጁ እቤት ከእናቱ ጋር የሚያሳልፈው ነው። ስለዚህ በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ለሕፃናት የመጫወቻ ዕቃ መሥራት ጀመረ። ዕቃዎቹን «ስጦታዎች» አላቸው። ጁን 28 ቀን 1840 ደግሞ ለተቋሙ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ስም ሰጠው፦ ኪንደርጋርተን፣ የልጆች የአትክልት ቦታ። (የእኛው «መዋዕለ ሕፃናት» ትርጉሙ ሌላ ነው፤ መዋዕል ማለት ቀናት፣ ዘመን ማለት ነው። የእነሱ ስም ቦታውን ሲጠራ፣ የእኛ ስም ጊዜውን ይጠራል።)

ስጦታዎቹ ምንድን ናቸው? የመጀመሪያው ከሱፍ ክር የተሠሩ ስድስት ባለቀለም ለስላሳ ኳሶች ናቸው፤ ለጨቅላ ሕፃን። ሁለተኛው የእንጨት ሉል፣ ኩብና ሲሊንደር ነው። ሉሉ ይንከባለላል፤ ኩቡ ቁጭ ይላል፤ ሲሊንደሩ ሁለቱንም ያደርጋል። ሦስተኛው ጎኑ 2 ኢንች የሆነ፣ በስምንት ትናንሽ ኩቦች የተከፈለ ኩብ ነው። አራተኛውም ያው ባለ 2 ኢንች ኩብ ነው፤ የተከፈለው ግን በስምንት ጡብ መሳይ ቁራጮች ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉና ሦስተኛውንና አራተኛውን አስተያዩልኝ። ትንሿ ኩብ 1 በ1 በ1 ኢንች ናት። ጡቧ ደግሞ 2 በ1 በግማሽ ኢንች ናት። አባዙት፦ የሁለቱም ይዘት 1 ኩቢክ ኢንች ነው። ሲታዩ ግን በጭራሽ እኩል አይመስሉም፤ ጡቧ ትረዝማለች። ልጁ በስምንቱ ኩብ የሞላውን ሳጥን በስምንቱ ጡብም ሲሞላው፣ ቅርጽ ቢለወጥም መጠን ላይለወጥ እንደሚችል እጁ ያውቀዋል። ቃሉን አይደለም የተማረው፤ ነገሩን ነው። ለማወቅ ያህል፣ የገጽ ስፋታቸውን ብታሰሉ የኩቧ 6፣ የጡቧ 7 ስኩዌር ኢንች ይመጣል። እኔ ይህን ልዩነት የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ስለ ሙቀት ዝውውር ስንማር ነው!

አምስተኛው ስጦታ ከፍ ይላል፦ ባለ 3 ኢንች ኩብ ሆኖ 27 ኩቦች አሉት። ከእነዚህ ሦስቱ በሰያፍ ለሁለት፣ ሌሎች ሦስቱ በሰያፍ ለአራት ተከፍለዋል። በድምሩ 39 ቁራጭ ማለት ነው። ሰያፍ ሲመጣ ሦስት ማዕዘን መጣ፤ ሦስት ማዕዘን ሲመጣ ጣሪያ መጣ።

በእነዚህ ልጁ ሦስት ዓይነት ነገር ይሠራል። አንደኛ፣ ከኑሮው የሚያውቀውን፦ ወንበር፣ ደረጃ፣ ቤት። ሁለተኛ፣ የዕውቀት ቅርጾችን፦ ስምንትን ለሁለት፣ ለአራት መክፈል። ሦስተኛ፣ የውበት ቅርጾችን፦ ጥልፍ የመሰሉ የተመጣጠኑ ንድፎች። አንድ ደንብም ነበረው፤ አዲሱን ቅርጽ ለመሥራት የቀድሞውን ማፍረስ የለብህም፣ ቁራጮቹን እያንቀሳቀስክ ለውጠው።

እናት፣ ጓሮና የዕለት ሥራ

ስለ ፍሮቤል ሲወራ ብዙውን ጊዜ ኩቦቹ ላይ ይቆማል። እኔን ግን የበለጠ የሳበኝ በ1844 ያሳተመው የእናቶች መጽሐፍ ነው። ሥዕል፣ ዜማና የጣት ጨዋታ ያለበት ሆኖ፣ እናት ልጇን አቅፋ እቤቷ እንድትጠቀምበት የተዘጋጀ ነው። ጨዋታዎቹ ስለ ምንድን ናቸው? ስለ ዳቦ ጋጋሪው፣ ስለ አናጢው፣ ነፋስ ስለሚያዞረው የጣሪያ ላይ አመልካች። ልጁ እጁን እንደ አመልካቹ እያዞረ «የማይታይ ነገር የሚታየውን ያንቀሳቅሳል» የሚለውን ትልቅ ሐሳብ ይጫወተዋል።

የአትክልት ቦታው ደግሞ ለስም ብቻ አልነበረም። በፍሮቤል ዕቅድ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ትንሽ መደብ ይኖረዋል፤ ዳር ዳሩን ወይም መሐሉን የሁሉም የጋራ መደብ ይይዘዋል። የራስህን ካላጠጣህ ያንተ ይደርቃል፤ የጋራውን ካላጠጣችሁ የሁላችሁም ይደርቃል። ስለ ኃላፊነት ከዚህ የተሻለ ንግግር የሚያደርግ ካለ ንገሩኝ።

ፍሮቤል አንድ ሌላ ያልተለመደ ነገርም አደረገ፤ ሴቶችን በሙያው ማሠልጠን ጀመረ። ሕፃናትን መንከባከብ ሥልጠና የሚጠይቅ ዕውቀት ነው ማለት በዚያ ዘመን ቀላል አባባል አልነበረም።

መንግሥት የፈራው የልጆች ጨዋታ

የ1848 አብዮት ከከሸፈ በኋላ የጀርመን መንግሥታት አዲስ ሐሳብ ሁሉ ያስደነግጣቸው ጀመር። ኦገስት 7 ቀን 1851 የፕሩሲያ የትምህርት ሚኒስትር ካርል ፎን ራውመር መዋዕለ ሕፃናትን አገደ። ምክንያቱ ሶሻሊዝምና ክህደት ያስፋፋሉ የሚል ነበር! የነገሩ አሳዛኝ ቀልድ፣ ሚኒስትሩ ፍሮቤልን ካርል ፍሮቤል ከተባለው የወንድሙ ልጅ ጋር ማምታታቱ ነው። ስህተቱ ቢነገርም እገዳው አልተነሣም። ፍሮቤል ጁን 21 ቀን 1852 ሞተ። እገዳው የተነሣው በ1860 ነው። ያቋቋመው ነገር ነፃ ሲወጣ አላየም።

እገዳው ግን ያልታሰበ ውጤት አመጣ። ያሠለጠናቸው ሴቶች ሐሳቡን ይዘው ተበተኑ። ከእነሱ አንዷ የሃምቡርግ ልጅ ማርጋሬተ ሹርትስ ናት። ከባሏ ጋር አሜሪካ ተሰደደችና በ1856 ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ዋተርታውን ከተማ፣ በገዛ ቤቷ ልጇንና ጥቂት የዘመድ ልጆችን ሰብስባ በፍሮቤል መንገድ ማስተማር ጀመረች። በአሜሪካ የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት የሚባለው ይኸው ነው፤ የአንዲት ስደተኛ እናት ሳሎን።

በ1859 ሹርትስ ከቦስተኗ መምህርት ኤልዛቤት ፒቦዲ ጋር ተገናኘች። ፒቦዲ በሹርትስ ልጅ ሁኔታ ተማርካ በ1860 ቦስተን ውስጥ የራሷን ከፈተች። በኋላ ግን አውሮፓ ሄዳ የፍሮቤልን ተማሪዎች ሥራ ስታይ፣ የእሷ ትምህርት ቤት ስሙን እንጂ መንፈሱን እንዳልያዘ ገባት። ተመልሳም ይህንኑ በይፋ ተናግራ እንደገና ጀመረች። ተሳስቻለሁ ብሎ ከሥር መጀመር ለተመራማሪም ከባድ ነው፤ ለዚህ አከብራታለሁ።

አተርና ስቴኪኒ

በ1876 ፊላደልፊያ ላይ በተካሄደው ትልቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የፍሮቤል ስጦታዎች ታዩ። ከጎብኚዎቹ መካከል አና ራይት የተባለች መምህርት ነበረች። ገዝታ ለልጇ ወሰደችለት። ልጁ 9 ዓመቱ ነበር፤ ፍራንክ ሎይድ ራይት ይባላል። ካደገ በኋላ የኒውዮርኩን ጉገንሃይም ሙዚየም የነደፈው አርክቴክት እሱ ነው። እነዚያ የእንጨት ቅርጾች እስከ እርጅናው ከጣቶቹ እንዳልወጡ ራሱ ጽፏል።

ሁለተኛው ባክሚንስተር ፉለር ነው፤ በ1895 ተወለደ። በሕፃንነቱ ዓይኑ ክፉኛ ደካማ ነበር፤ መነጽር ገና አልተደረገለትም። በመዋዕለ ሕፃናት ከፍሮቤል ሥራዎች አንዱ በውኃ የራሰ አተርና ስቴኪኒ ነው፦ አተሩ መገጣጠሚያ፣ ስቴኪኒው ምሰሶና ወጋግራ። አተሩ ሲደርቅ ጠብቆ ይይዛል። ፉለር ደጋግሞ እንደተረከው፣ ሌሎቹ ልጆች ቤት ምን እንደሚመስል ስለሚያዩ አራት ማዕዘን ሣጥን ሠሩ። እሱ ግን ስለማይታየው በእጁ እየገፋ የማይነቃነቀውን ፈለገ፤ ያገኘውም ሦስት ማዕዘንን ነው። በ1961 ለ«ኦክቴት ትረስ» የፓተንት መብት አገኘ፤ መሠረቱ ያው የአተርና የስቴኪኒው ቅርጽ ነው።

ለምን ሦስት ማዕዘን? የቆርቆሮ በር ጀርባ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? አናጢው ከጥግ ወደ ጥግ ሰያፍ እንጨት ይመታበታል። ያ ሰያፍ ባይኖር በሩ ውሎ አድሮ ይንጋደዳል። አራት እንጨት በአራት ሚስማር ብታገናኙ፣ የእንጨቶቹ ርዝመት ሳይለወጥ ቅርጹ ይጣመማል። ሦስት እንጨት ከሆነ ግን፣ እንጨት ካልተሰበረ በቀር መጣመም አይችልም።

ወደ ሦስት አውታር ስንሄድ ቀላል ቀመር አለ፤ ማዕቀፉ እንዳይነቃነቅ ቢያንስ የሚያስፈልጉት ዘንጎች ቁጥር፣ የመገጣጠሚያዎቹ ቁጥር በ3 ተባዝቶ 6 ሲቀነስለት ነው። አራት አተር ያለው ፒራሚድ፦ 3 × 4 − 6 = 6 ስቴኪኒ። ያለውም 6 ነው፤ ስለዚህ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኩብ ስምንት አተር አለው፦ 3 × 8 − 6 = 18። ያለው ግን 12 ብቻ ነው፤ 6 ይጎድለዋል። ለዚህ ነው የአተር ኩብ እንደ ሰከረ ሰው የሚወዛወዘው። የጎደሉት 6 ደግሞ ልክ በስድስቱ ገጾች ላይ አንድ አንድ ሰያፍ ማለት ናቸው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ላድርግ። «ኩብ ግዙለት፣ ልጃችሁ ራይት ይሆናል» ብዬ ብጽፍ ሳይንስ አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው። በእነዚያው ኩቦች ተጫውተው ማንም የማያውቃቸው ሆነው ያደጉ ልጆች እጅግ ብዙ ናቸው። ዝነኞቹን ብቻ መርጦ መቁጠር ያሳስታል። በዚያ ላይ ሁለቱም ታሪኩን የተረኩት ካደጉ በኋላ ነው። ታሪኩ የሚያሳየን ከዚህ ያነሰ፣ ግን የሚታመን ነገር ነው፦ ከባድ የሚባል ሐሳብ በሕፃን እጅ መጠን ሊሠራ ይችላል።

ጨዋታው ሲደርቅ

ታሪኩ በድል ብቻ አይዘጋም። ፍሮቤል ከሞተ በኋላ ብዙ ተከታዮቹ ስጦታዎቹን ወደ ደንብ ለወጧቸው። ልጆች በረድፍ ተቀምጠው፣ በመምህርቷ ትእዛዝ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ቅርጽ ይሠሩ ጀመር። ኩቡ ነበረ፤ ጨዋታው ግን አልነበረም። የእኔን የቁጥር ወረቀቶች አስታወሰኝ፤ እኔ በወረቀት ያደረግኩትን እነሱ በእንጨት አድርገውታል።

ይህን ካስተካከሉት አንዱ ጆን ዱዊ ነው። በ1896 ቺካጎ ላይ በከፈተው የሙከራ ትምህርት ቤት ልጆች ምግብ ያበስላሉ፣ ይሸምናሉ፣ እንጨት ይሠራሉ፤ ሒሳቡም ንባቡም ከሥራው ውስጥ ይወጣል። ሌላዋ በ1914 ኒውዮርክ ላይ ትምህርት ቤት የመሠረተችው ካሮላይን ፕራት ናት። ጠንካራ የእንጨት ብሎኮች ሠርታ ያለ ትእዛዝ ለልጆች ሰጠች። የብሎኮቿ መጠን 1 ለ2 ለ4 ነው። የፍሮቤልን ጡብ አስታወሳችሁ? ግማሽ፣ 1፣ 2። ያው ነው! ምጣኔው ተረፈ፤ ረድፉና ትእዛዙ ቀረ።

እኛ ቤትስ?

ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ ወረቀቶቼን ሰበሰብኩ። እናቴን ሽምብራ ዘፍዝፊልኝ አልኳት፤ ከሱቅ አንድ ፓኬት ስቴኪኒ ገዛሁ። ልጁ ከአልጋ ሥር ሆኖ ሲያየኝ ቆይቶ ወጣ። መጀመሪያ የሠራው ቤት ነበር፤ ኩብ። ተንጋደደና ወደቀ። ደግሞ ሠራ፤ ደግሞ ወደቀ። «ለምንድን ነው የሚወድቀው?» አለኝ። በሳምንት ውስጥ ከእሱ የሰማሁት የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር። ወደ ውጭ ወስጄ የግቢውን በር ጀርባ አሳየሁት። ምንም አላልኩም። ተመልሶ ገብቶ አንድ ሰያፍ ሰካ። ሰያፉ አጠረ። ሁለት ስቴኪኒ ቀጥሎ አስረዘመው። ስለ ካሬ ሰያፍ ርዝመት በዚህ መንገድ ያወቀ ልጅ በኋላ ፓይታጎረስ ሲመጣበት እንግዳ አይሆንበትም ብዬ አስባለሁ።

መሞከር ከፈለጋችሁ፦ አተሩን ወይም ሽምብራውን ከምሽቱ ዘፍዝፉ፣ ጠዋት ውኃውን አጥሉና በጨርቅ አድርቁት። ስቴኪኒ ሹል ነው፤ ሽምብራም አፍንጫ ውስጥ ይገባልና ከልጁ ጎን ተቀመጡ። ይህም ባይኖር ችግር የለም። ምስር መልቀም መለየትና መመደብ ነው። በጣሳ ጤፍ መስፈር የይዘት ትምህርት ነው። እቃቃ ሲጫወቱ የሚሠሩት የጭቃ ጀበና የሚሰነጠቀው ለምን እንደሆነ ጠይቋቸው እንጂ አትንገሯቸው።

ትምህርት ቤት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ፊደል መቁጠርም ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል። የእህቴ ፍርሃት እውነተኛ ፍርሃት ነበር፤ ልጄ ወደ ኋላ ይቀራል የሚል። ማታ ልትወስደው ስትመጣ «ዛሬ ምን ተማረ?» አለችኝ። ደብተሩ ባዶ ነበር። ልጁ ግን እጇን ይዞ ወደ ውጭ ጎተታት፤ የግቢውን በር ጀርባ ሊያሳያት።